ሲንደሬላን በቅደም ተከተል ማዳመጥ፦ የአንድ ግላም ሜታል ባንድ ጉዞ በአራት አልበም

ግላም ሜታልን፣ ማለትም አለባበሱና ሜካፑ የደመቀውን የሄቪ ሜታል ሮክ ዘርፍ፣ ማወቅ ፈልጋችሁ «ከየት ልጀምር?» ብትሉኝ፣ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ አትክፈቱ እላችኋለሁ። አንድ ባንድ ምረጡ። አልበሞቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ስሙ። ዘፈን አትዝለሉ።

ይሄ የሙዚቃ ዓይነት ከምንም በላይ የሚታማው በመልኩ ነው። የተነፋ ፀጉር፣ ሜካፕ፣ ጠባብ ሱሪ። ብዙ ሰው ፎቶውን ያይና እዚያው ይፈርዳል። ስብስብ አልበም ደግሞ ሂቶቹን ብቻ ይሰጣችኋል። ሂቶቹን የመረጡት ግን አሳታሚው፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ናቸው። ባንዱ ራሱ ምን መሆን ይፈልግ እንደነበር የሚሰማው በቀሩት ዘፈኖች ውስጥ ነው። በተለይ ደግሞ ሰው ሳይገዛው በቀረው አልበም ውስጥ።

እኔ የምመርጥላችሁ ሲንደሬላን ነው። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ልጆች ናቸው። የስቱዲዮ አልበማቸው አራት ብቻ ነው። የመጀመሪያው በ1986፣ የመጨረሻው በ1994 ወጣ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ውስጥ መውጣቱም መውረዱም ሙሉ ለሙሉ አለ። ሞትሊ ክሩ የሚባለውን ሌላ የግላም ባንድ ታሪክ እንከተል ካልን ጠቡ፣ መለያየቱና መታረቁ ሙዚቃውን ይውጥብናል። ሲንደሬላ ጋ ግን ታሪኩ ያለው ድምፁ ውስጥ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ክሊፕ አትዩ። ክሊፑ አይሸሽም፤ በኋላ ትደርሱበታላችሁ። መጀመሪያ ፀጉሩን ሳታዩ ጊታሩን ስሙት። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን አልበም የባለሙያዎች ዝርዝር ፈልጉና አጠገባችሁ አስቀምጡ። ፕሮዲውሰሩ፣ ቀረጻውን የመራው ሰው፣ ማነው? ግጥምና ዜማውን ማን ሠራው? ከበሮውን ማን መታ? እኔ ስሞቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የማዳምጠው። አንድ ስም ከአልበም አልበም ሲጠፋ ወይም አዲስ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ድምፁም አብሮ ሲቀየር ትሰማላችሁ።

ስለ ዘመኑ ትንሽ ማወቅም ይረዳል። በ70ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ እነ ቲ ሬክስ፣ ስሌድና ስዊት ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ኒው ዮርክ ዶልስ ነበሩ። ወንዶች ሜካፕ ተቀብተው፣ ከፍ ያለ ጫማ ተጫምተው ሮክ ይጫወቱ ነበር። ያ ነገር በ80ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ፣ ሰንሴት መንገድ ላይ እንደገና ፈላ። ዊስኪ ኤ ጎ ጎ፣ ሮክሲ፣ ጋዛሪስ የሚባሉት ክለቦች የዚህ ሙዚቃ ሰፈር ሆኑ። ጋዛሪስ የሚለውን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። በ1983 መጨረሻ ኳየት ራየት የተባለው የሎስ አንጀለስ ባንድ በቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በፊት ሄቪ ሜታል እዚያ ቦታ ደርሶ አያውቅም ነበር። ያደረሳቸው ዘፈን የራሳቸው እንኳን አይደለም፤ የስሌድ ነው። የ70ዎቹና የ80ዎቹ ገመድ የተያያዘው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አሳታሚዎች በየከተማው ፀጉሩን የነፋ ባንድ ፍለጋ ወጡ።

ሲንደሬላን ድምፃዊውና ጊታሪስቱ ቶም ኪፈር ከቤዝ ተጫዋቹ ኤሪክ ብሪቲንግሃም ጋር በ1982 መሠረቱት። ብዙ ሰው የማያውቀው የክለብ ዘመናቸውን ነው። በ1985 ጊታሪስታቸውና ድራመራቸው ለቅቀው ብሪትኒ ፎክስ የሚባል ሌላ ባንድ አቋቋሙ። በጊታሪስቱ ቦታ ጄፍ ላባር ገባ። ይሄን ልብ በሉ፤ በሌሎች ባንዶችም ታገኙታላችሁ። በመጀመሪያው አልበም ሽፋን ላይ የምታዩት ቡድን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቡድን አይደለም። ሲበሉም ሲራቡም አብረው የነበሩ፣ ፎቶው ላይ ግን የሌሉ ሰዎች አሉ።

ዕድሉ የመጣው የቦን ጆቪ ባንድ ድምፃዊ ጆን ቦን ጆቪ ፊላደልፊያ ክለብ ውስጥ ሲጫወቱ ስላያቸው ነው። እሱ ለአሳታሚው ሰው ለዴሪክ ሹልማን ነገረው። ሹልማን ራሱ ቀደም ሲል ጄንትል ጃያንት የተባለ የእንግሊዝ ባንድ ድምፃዊ ነበር። እነሱም በሜርኩሪ አሳታሚ ፈረሙ። የሰንሴትን መንገድ ሳይረግጡ ያለፉ ጥቂቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ፖይዘን የሚባለው የግላም ባንድም ከፔንስልቬኒያ ነው የተነሳው፤ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ነው የሠራለት።

አሁን የመጀመሪያውን አልበም ክፈቱ። ናይት ሶንግስ፣ 1986። የመጀመሪያው ዘፈን ቀስ ያለ፣ ከባድ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣ የጊታር ሐረግ) ነው የሚያሰማችሁ። ፈጣን ነገር ጠብቃችሁ ከሆነ ትገረማላችሁ። የኪፈር ድምፅ ሻካራ ነው፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ጩኸት። ኤሲዲሲ የሚባለውን የሮክ ባንድ የሚያውቅ ሰው ወዲያው እነሱ ትዝ ይሉታል። እኔ ጊታር ስለምነካካ ጆሮዬ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሪፉ ነው። እዚህ አልበም ላይ ሪፎቹ ቀላል ናቸው፤ ሁለት ሦስት ኮርድ፣ በመሃል ብዙ ክፍት ቦታ። ያ ክፍት ቦታ የብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን የድሮ ሙዚቃ፣ ነው። በመጀመሪያው ማዳመጥ ላይሰማችሁ ይችላል። ሁለተኛውን አልበም ሰምታችሁ ስትመለሱ ግን ፍጥጥ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ከዝርዝሩ ላይ ሁለት ስም አስምሩበት። ፕሮዲውሰሩ አንዲ ጆንስ ነው፤ በ70ዎቹ ሌድ ዜፕሊንንና ሮሊንግ ስቶንስን የቀዳ የድምፅ ባለሙያ። የዚህ አልበም ከበሮ ትልቅ፣ ክፍል የሚሞላ ድምፅ ያለው አለምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ጆዲ ኮርቴዝ ነው። ሽፋኑ ላይ የምታዩት ድራመር ፍሬድ ኩሪ ነው፤ ስቱዲዮ ገብቶ ከበሮውን የመታው ግን ኮርቴዝ ነው። በዚያ ዘመን ይሄ የተለመደ አሠራር ነበር። እኔ እንደ ማጭበርበር አላየውም። ግን ማን ምን እንደሠራ ማወቅ ለሠራው ሰው ክብር መስጠት ነው፤ ለዚህ ነው ዝርዝሩን አንብቡ የምለው።

ቀጥሎ ባላዱ፣ ለስላሳውና ስሜታዊው ዘፈን። በአብዛኛው የግላም ሜታል አልበም ውስጥ ቢያንስ አንድ አለ። አሠራሩን ካወቃችሁ የትም ታገኙታላችሁ። በንጹሕ ጊታር ወይም በፒያኖ ይጀምራል። ድምፃዊው ዝቅ ብሎ ይገባል። ከበሮው ቆይቶ ይመጣል፣ አዝማቹ ላይ የተጠመዘዘው ጊታር ይፈነዳል፣ ከሶሎው በኋላ አዝማቹ ይበልጥ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ሬዲዮ የሚወደው ይሄን ነበር። ሜታል የማይሰማ ሰው ሁሉ በባላድ በኩል ይገባል። ናይት ሶንግስ ላይ ያለው ባላድ፣ ኖባዲስ ፉል፣ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 13ኛ ወጣ። አልበሙ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ፣ በአሜሪካ ብቻ ሦስት ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ባንዱም የቦን ጆቪን ትልቅ ጉዞ ተከትሎ መድረክ ከፋች ሆኖ ከተማ ለከተማ ዞረ።

ባላድ ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ዘፈን አልበሙ ውስጥ ባይኖር አልበሙ ይጎድል ነበር? ለብዙ ባንዶች መልሱ «አይ» ነው። ተለጥፎ የገባ መሆኑ ያስታውቃል። ኪፈር ጋ ግን ባላዱና ሪፉ ከአንድ ሰው መውጣታቸው ይሰማል። ዘፈኖቹን በአብዛኛው የሚጽፈው እሱ ራሱ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሁለተኛው አልበም ሎንግ ኮልድ ዊንተር ነው፣ 1988። እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ጊዜ ስጡት። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ብቻ ሦስት አራት ጊዜ መልሳችሁ ስሙ። ሚሊዮኖች የሸጠ ባንድ አዲስ አልበም ሲያወጣ ሁሉም የሚጠብቀው የሚፈነዳ መግቢያ ነው። እነሱ የከፈቱት ግን በስላይድ ጊታር ነው፣ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመጣ የጥንት ብሉዝ በሚመስል አጨዋወት። ስላይድ ማለት ጣት ላይ የብርጭቆ ወይም የብረት ቱቦ አጥልቆ ክሩ ላይ ማንሸራተት ነው። ድምፁ እንደ ሰው እንጉርጉሮ ይለጠጣል። ከዚያ በኋላ ነው ባንዱ የሚገባው። ይሄ ምርጫ ድፍረት ነው። አሳታሚ ቢሮ ውስጥ «ይሄ መግቢያ ይውጣ» ያለ ሰው አይጠፋም ብዬ ሁሌም አስባለሁ። አልወጣም።

አልበሙን የሰየመው ዘፈን ደግሞ ቀስ ያለ፣ ረጅም ብሉዝ ነው። ፀጉር የለበትም፣ ሜካፕ የለበትም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት ዘመኑን ለመገመት ትቸገራላችሁ። እንግዲህ ይሄን ከሰማችሁ በኋላ ነው ወደ ናይት ሶንግስ ተመልሳችሁ ያን ክፍት ቦታ መፈለግ ያለባችሁ።

ዝርዝሩን ደግሞ እዩ። አንዲ ጆንስ አሁንም አለ። ከበሮ ላይ ግን ኮዚ ፓወልና ዴኒ ካርማሲ የሚሉ ስሞች ታገኛላችሁ። ፓወል ከሬይንቦና ከኋይትስኔክ ጋር የሠራ የእንግሊዝ ድራመር ነው፤ ካርማሲ ሃርት የሚባለው ባንድ ድራመር ነበር። ትልቁ ባላድ ዶንት ኖው ዋት ዩ ጋት በፒያኖ የተሠራ ነው፤ 12ኛ ወጣ። በሙያ ዘመናቸው ከሰንጠረዡ ከፍ ያለ ቦታ ያገኙት በዚህ ነው። ይሄን ቁጥር ከአልበሙ መግቢያ ጋር አስተያዩት። ባንዱ ወደ ብሉዝ ይጎትታል፣ ገበያው ወደ ባላድ። የቀረው ታሪካቸው ከዚህ ጉተታ ነው የሚወጣው።

አሁን ክሊፕ መክፈት ትችላላችሁ። የዚህን ባላድ ክሊፕ የቀረጹት ካሊፎርኒያ፣ ሞኖ ሐይቅ ዳር ነው፤ ነጭ የድንጋይ ቁልል ያለበት በረሃማ ቦታ። ቀጥላችሁ የመጀመሪያውን አልበም ክሊፖች እዩና አልባሳቱን አወዳድሩ። ከዚያ በነሐሴ 1989 ሞስኮ ሌኒን ስታዲየም የተደረገውን ኮንሰርት ፈልጉ። ቦን ጆቪ፣ ሞትሊ ክሩ፣ ኦዚ ኦስቦርን፣ ስኮርፒየንስና ስኪድ ሮው አብረው ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ገና አልፈረሰችም። ይሄ ሙዚቃ ከፍታው ጫፍ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ መድረክ አላውቅም።

ሦስተኛው ሃርትብሬክ ስቴሽን ነው፣ 1990። የኔ አልበም ይሄ ነው። አንዲ ጆንስ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ኪፈር ራሱ ከጆን ጃንሰን ጋር ፕሮዲውስ አደረገው። አኩስቲክ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን የሚያስታውሱ ተቀባዮች ገቡ። አልበሙን የሰየመው ዘፈን ላይ የምትሰሙትን የቫዮሊን ቅንብር የሠራው ጆን ፖል ጆንስ ነው፤ የሌድ ዜፕሊኑ ቤዝ ተጫዋች። ይስባቸው ከነበረው ሙዚቃ ምንጭ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ ማለት ነው። ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ስሙት። አንዴ ድምፁን ተከተሉ፣ አንዴ ቫዮሊኑን ብቻ። ቫዮሊኑ ባላዱን ለማሳመር የተደረበ አይደለም። ከስላይዱ ጋር ጥያቄና መልስ ይጫወታል።

ይሄም አልበም አንድ ሚሊዮን ቅጂ አልፏል። ለማንኛውም ሙዚቀኛ ሕልም ነው። ግን ከሁለቱ ቀዳሚዎቹ ጋር ሲተያይ ሲሶ ነው፤ በሰንጠረዡም 19ኛ ላይ ቆመ። ብዙ ሰው የግላም ሜታልን መውደቅ ሲያወራ በቀጥታ ኒርቫና የተባለውን የሮክ ባንድ ይጠራል። የኒርቫና አልበም ኔቨርማይንድ የወጣው መስከረም 1991 ነው፣ አንደኛ የሆነው ጥር 1992። ሃርትብሬክ ስቴሽን ግን ከዚያ በፊት ነው የወጣው። ቁልቁለቱ ቀድሞ ጀምሯል። ተመሳሳይ ባንድ በዝቶ አድማጩ ሰልችቶት ነበር። ይሄን በቅደም ተከተል ካላዳመጣችሁ አታዩትም።

ከዚያ የመጣው ከፋሽንም ከገበያም ጋር አይገናኝም። በ1991 ኪፈር ድምፁን አጣ። የግራ የድምፅ አውታሩ ነርቭ ሽባ ሆነ። ዳግመኛ ላይዘፍን እንደሚችል ተነገረው። የዚያ ሻካራ ጩኸት ባለቤት ከመነሻው ድምፅ ማውጣት መማር ነበረበት። ቀዶ ሕክምና፣ የድምፅ ልምምድ፣ ዓመታት። ፍሬድ ኩሪም በዚሁ መሃል ለቅቆ «ራት» ከሚባለው ባንድ ድምፃዊ ከስቲቨን ፒርሲ ጋር አርኬድ የሚባል ባንድ መሠረተ።

አራተኛውን አልበም ስቲል ክላይምቢንግን፣ 1994፣ ይሄን አውቃችሁ ነው መስማት ያለባችሁ። ከበሮው ላይ ኬኒ አሮኖፍ አለ፤ ከጆን ሜለንካምፕ ጋር የሠራው። ሪፎቹ እንደገና ከብደዋል። ኪፈር ከፍታዎቹ ላይ ሲወጣ በጥንቃቄ አዳምጡት። እኔ እዚህ አልበም ላይ ያለውን ድምፅ ከናይት ሶንግስ ይልቅ አከብረዋለሁ። እያንዳንዱ ጩኸት ተሠርቶ የመጣ ነው። አልበሙ 178ኛ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ። አሳታሚውም ለቀቃቸው። ሦስተኛ ከደረሰ ባንድ 178ኛ፣ በስምንት ዓመት። የዘፈኖቹ ጥራት ግን በዚያ ልክ አልወረደም። ቁጥሩን ሳታዩ ብትሰሙት ይሄን ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ብዙ መመሪያ እዚህ ያቆማል። እናንተ አታቁሙ። የግላም ሜታል ባንድ ሕይወት ግማሹ ከመጨረሻው አልበም በኋላ ያለው ነው፣ ያውም መድረክ ላይ። በ90ዎቹ መጨረሻ ተሰባስበው ወደ ኮንሰርት ተመለሱ። በ1998 ሎስ አንጀለስ፣ ኪ ክለብ ውስጥ የተቀዳ የመድረክ አልበም አላቸው። ኪ ክለብ የነበረው ሰንሴት ላይ፣ ጋዛሪስ በነበረበት ቦታ ነው። ትልቁን ስታዲየም ያየ ባንድ የክለብ መድረክ ላይ ሲጫወት ታዳምጣላችሁ። ሕዝቡ ግጥሙን በቃሉ ያውቃል። ኪፈርም አንዳንድ ቦታ ዜማውን ለአውታሩ በሚመች መንገድ ያጥፈዋል። የትኞቹን እንዳጠፈ ከስቱዲዮው ቅጂ ጋር እያመሳከራችሁ ፈልጉ፤ ስለ ዘፋኝነት ብዙ የሚያስተምር ሥራ ነው።

አዲስ አልበም ለመሥራት ከሌላ ትልቅ አሳታሚ ጋር ተፈራርመው ነበር፤ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ የበጋ ኮንሰርት ጉዞዎች ነበሩ። በ2006 ከፖይዘን ጋር ዞሩ። በ2008 የኪፈር አውታር ደም ስለፈሰሰው ጉዟቸው ተሰረዘ፣ በ2010 ደግሞ ተመለሱ። ጄፍ ላባርና ለረጅም ጊዜ ኪቦርድ የተጫወተላቸው ጌሪ ኮርቤት በሐምሌ 2021 አረፉ፣ በአንድ ቀን። ሲንደሬላ በዚያ ቅርጹ አይመለስም።

የኪፈርን የብቻ አልበም ጨምሩበት፣ ዘ ዌይ ላይፍ ጎስ፣ 2013። ሥራው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ወስዷል። ከሃርትብሬክ ስቴሽን ቀጥሎ ስሙት፤ አንድ ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ እንደ መስማት ነው።

ይሄን መንገድ አንዴ ከሄዳችሁበት ለሌላ ባንድም ይሠራል። የሚቀየረው መሃሉ ላይ የሚጎድለው ሰው ነው። ፖይዘን በ1991 ጊታሪስቱን ሲሲ ዴቪልን አጣ። በ1993 ከሪቺ ኮትዘን ጋር የሠሩት ኔቲቭ ታንግ ከሁሉም አልበማቸው ጊታሩ የበረታበት ነው። ሞትሊ ክሩ በ1992 ከድምፃዊው ከቪንስ ኒል ጋር ተለያየ። በ1994 ከጆን ኮራቢ ጋር ያወጡትን የድሮ ደጋፊዎቻቸው አልተቀበሉትም፤ እኔ ግን ሙዚቀኝነታቸውን ያየሁት እዚያ ነው። ሁለቱም በኋላ የቀድሞ ሰዎቻቸውን መልሰዋል።

ፖይዘንን ቀጥሎ ውሰዱ። በ1986ቱ ጀምሩ፣ እስከ ኔቲቭ ታንግ ድረስ አራት አልበም ነው፤ ልክ እንደ ሲንደሬላ። ኔቲቭ ታንግ ላይ ስትደርሱ ከአጭሩ የከበሮ መግቢያ ቀጥሎ ያለውን ዘፈን ከ1986ቱ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ጋር አከታትላችሁ አጫውቱ፣ ጊታሩን ብቻ እየተከተላችሁ።